ሲሼልስ ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር፦ ኤሊ፣ ኮራል እና ዋና የማይችሉ አዋቂዎች (ረጅም ነው)

ሚኪ ሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ሲሼልስ እዚህ ስጨቀጭቃችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ሄደን መጥተናል፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ልዘርግፈው።

መጀመሪያ ለምን ሲሼልስ ለምትሉ። እህቴ ዱባይ ነው ምትሰራው፣ አብሮ አደጌ ከነባለቤቱ ጀርመን ነው፣ እኛ (እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እማዬ) አዲስ አበባ። "አንድ ቦታ እንገናኝ" ከተባባልን ቆይተናል ግን ነገሩ ሁሌ ሚበላሸው የኛ ፓስፖርት ጋ ሲደርስ ነው፣ እነሱ ቦታ ይመርጣሉ እኛ ኤምባሲ በር ላይ እንቀራለን። ሲሼልስ ግን ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠይቅም። ከመሄድህ በፊት ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ትሞላለህ፣ ማረፊያ የያዝክበትን ማስረጃና የመመለሻ ቲኬትህን ታያይዛለህ፣ አለቀ። የቢጫ ወባ ካርድ ግን ከኛ አገር ለሚሄድ ግዴታ ነው፣ የእማዬ ካርድ ጠፍቶ ቤቱን ገልብጠን ነው ያገኘነው። ከቦሌ ቀጥታ በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ እህቴም ከዱባይ ቀጥታ ነው የመጣችው። ስለዚህ ዲያስፖራና አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ማንም ማንንም ኢንቫይት ሳያደርግ፣ የባንክ ስቴትመንት ሳይለምን ሚገናኝበት ቦታ ለምትፈልጉ ይሄ አንዱ ነው። ለኔ የጉዞው ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ አሳው ምርቃት ነው።

የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ነው። እዛ ንፋሱ በአመት ሁለቴ ይገለበጣል፣ ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ከደቡብ ምስራቅ ይነፍሳል፣ ከታህሳስ እስከ መጋቢት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ነው ዝናብም አለው። በመሀል ሲቀያየር ባህሩ ይተኛል ውሃውም ይጠራል። እኛ እሱ ላይ ነው የደረስነው።

ስለ ዋናው ደሴት ስለ ማሄ ብዙ አላወራም። አውሮፕላኑ እዛ ነው ሚያርፈው፣ ቪክቶሪያ ሚባለው ዋና ከተማ በእግር ቶሎ ሚያልቅ ነው፣ ገበያው ደስ ይላል፣ አለቀ። በማግስቱ በፌሪ ወደ ፕራስሊን ሄድን፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ እህቴ ሙሉውን ሰዓት ፌስታል ይዛ ነው የተጓዘችው። ፕራስሊን ላይ ወጥ ቤት ያለው ገስት ሀውስ ይዘን ከዛ ነው ቀን ቀን እየወጣን ደሴቶቹን ያየነው። ሰብሰብ ብሎ ለሚሄድ ሰው ሆቴል አያስፈልግም፣ ሬስቶራንቱ ኪስ ያራግፋል፣ አገሬው ራሱ ሚበላው ቴክአዌይ ነው፣ ሩዝ በአሳ በካሪ አርገው በካርቶን ይሰጡሃል ያጠግባል።

አሁን ወደ እንስሳቱ። ከፕራስሊን ፊት ለፊት ኪዩሪየስ ሚባል ደሴት አለ፣ ድሮ እንግሊዞች የስጋ ደዌ ታማሚዎችን ያገለሉበት ነው፣ የሀኪሙ ቤት እስካሁን ቆሟል። አሁን ፓርክ ነው። ጀልባው ዳር ያደርስሃል ውሃው እስከ ጉልበትህ ነው፣ ወርደህ ትሄዳለህ፣ አሸዋውን እንደወጣህ ግዙፍ ኤሊዎች ዝም ብለው ይዞራሉ፣ አጥር የለ ምን የለ። ከ1978 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታችም እንደዛው) ከአልዳብራ አምጥተው የለቀቋቸውና የነሱ ዘሮች ናቸው። አልዳብራ በጣም ሩቅ ያለ የሲሼልስ አቶል (ኮራል የሰራው ቀለበት መሰል ደሴት) ነው፣ እዛ ከመቶ ሺህ በላይ አሉ ይባላል፣ ወንዱ 250 ኪሎ ይደርሳል። ሬንጀሯ ለልጆቹ አሳየቻቸው፣ አንገቱን ከስር ቀስ ብለህ ስታክለት ኤሊው በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ ይነሳና አንገቱን መዝዞ አይኑን ጨፍኖ ይቆማል። እማዬ ሰባን የተሻገረች ናት፣ ከጀልባ እንድትወርድ ስንት ለምነናት ነበር፣ እሱን ስታይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አጠገቡ ቁጭ አለችና ማከክ ጀመረች። "ቆዳው እኮ የአያቴን ጉልበት ነው ሚመስለው" አለች። ከዛ ማን ያስነሳት፣ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይመጣል። ሬንጀሯ እየሳቀች ስራ ልቅጠራት አለች።

ከዛ በእንጨት ድልድይ ማንግሮቭ በሚባሉ ጨው ውሃ ውስጥ ሚበቅሉ ዛፎች መሀል አቋርጠህ ወደ ሌላኛው ዳር ትወጣለህ። ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ወደታች እዩ፣ እዛ ጭቃማ ውሃ ውስጥ የሻርክ ግልገሎች አሉ፣ ክንድ ማያክሉ፣ ትልልቁ አሳ እንዳይበላቸው በዛፎቹ ሥሮች መሀል ነው ሚያድጉት። ልጄ ከጉዞው ሁሉ እሱን ነው ለክፍል ጓደኞቹ ያወራው።

ስኖርክሊንጉ (ማስክ አርገህ በቱቦ እየተነፈስክ ውሃ ላይ ተንሳፈህ ከስር ያለውን ማየት) ደሞ ሴንት ፒየር ሚባል ጋ ነበር። ደሴት ማለት ይከብዳል፣ ባህር መሀል የተከመረ ጥቁርና ግራጫ ቋጥኝ ላይ ጥቂት ዘንባባ ነው። ጭንቅላትህን ውሃ ውስጥ ስትከት ግን ሌላ ነው። እኔ መጀመሪያ የገረመኝ ድምፁ ነው፣ ባህር ዝም ያለ ነበር ሚመስለኝ፣ ቅርጭጭ ቅርጭጭ ይላል፣ ዞር ስል ፓሮት ፊሽ ናቸው፣ አረንጓዴና ሮዝ ናቸው፣ በጥርሳቸው ድንጋዩን እየጋጡ አልጌውን ይበላሉ፣ የጋጡትን በኋላ በኩል እንደ አቧራ ይለቁታል። ያ ነጭ አሸዋ ብላችሁ ምትተኙበት ግማሹ የነሱ ስራ ነው፣ ይቅርታ።

የባህር ኤሊም አየን፣ ሆክስቢል ሚባለውን፣ አፉ የንስር ሚመስል። አብሮ አደጌ ገና ሲያየው ካሜራውን ዘርግቶ ፊኑን (እግር ላይ ሚደረገውን መቅዘፊያ) እያንቦጫረቀ ተከተለው፣ ኤሊው አንዴ ክንፉን አራገበ ጠፋ። የጀልባው ሰውዬ ሳቀበትና "ዝም ብለህ ተንሳፈፍ፣ እጅህን እጠፍ፣ አንተን ቋጥኝ ነው ብሎ ያስብህ" አለው። እውነትም ሁላችንም ላይፍ ጃኬታችንን ለብሰን ሳንንቀሳቀስ ስንቆይ ያው ይሁን ሌላ አንዱ ተመልሶ መጣ። ከስራችን ስፖንጅ ከቋጥኙ ላይ እየቦጨቀ ሲበላ፣ ፍርፋሪው ሲበተን ትንንሾቹ አሳዎች ሲሻሙ፣ ከዛ አየር ሊስብ ሲወጣ ከባለቤቴ ፊት በሁለት ክንድ ርቀት ብቅ አለ። እሷ ማስኩ ውስጥ ጮኸች፣ ውሃ ዋጠች፣ እሱ ምንም አልመሰለው።

ላዲግ ሚባለውን ደሴትና የወፎቹን ደሴት ኩዘንን ቀጥሎ እጽፋለሁ፣ እጄ ዛለ። ጥያቄ ካለ ወዲህ በሉ።

ቤቲ ገርጂ፦

ሚኪዬ እጅህ ይባረክ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ፣ እኔ ዋና አልችልም፣ ባሌም አይችልም፣ ሶደሬ ላይ እንኳ ዳር ዳሩን ነው ምንሄደው። ባህር መሀል ላይፍ ጃኬት ለብሶ መዝለል ትንሽ አይከብድም? ባለቤትህ ዋና ትችላለች?

ሚኪ ሳሪስ፦

@ቤቲ ባለቤቴ ዋና አትችልም፣ ርዕሱ ላይ ያልኩት እሷን ነው 😀። በቀጥታ ባህር መሀል አልገባችም። ላዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን ሚባለው የባህር ዳርቻ (በየፖስትካርዱ ላይ ምታዩት ትልልቅ ቋጥኝ ያለው) ከፊቱ ሪፍ (ኮራል የሰራው የውሃ ስር ግንብ) ስላለ ማዕበሉ እዛ ይሰበርና ዳሩ ላይ ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ ሩቅ ሄደህም እስከ ወገብህ ነው። መጀመሪያ ቆማ ነው ፊቷን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጋ በአፏ መተንፈስ የተለማመደችው። አእምሮ ነው ሚያስቸግረው፣ አፍንጫ ሲዘጋ ሰውነት ይደነግጣል። ያንን ከለመድሽ ጨው ውሃ ራሱ ያነሳሻል፣ ላይፍ ጃኬት ሲጨመርማ ብትፈልጊም አትሰምጪም። እዛ ስትሄጂ ግን ባህሩ ሚሞላበትንና ሚጎድልበትን ሰዓት ጠይቂ፣ ውሃው በጣም ሲጎድል ሆድሽ ኮራሉን ይነካል፣ ሲሞላ ነው ጥሩው። መግቢያው ዩኒየን እስቴት ሚባል የድሮ የኮኮናት እርሻ ውስጥ ነው፣ ይከፈላል።

ላዲግ መኪና ብዙ የለም፣ ሰው ሁሉ በሳይክል ነው ሚሄደው። እማዬን በጎልፍ መኪና ነው የወሰድናት፣ እንደ ንግስት።

ስምሃ ከአሽዶድ፦

ሰላም ከእስራኤል። እኔ በየአመቱ ኤላት ነው ምሄደው፣ ቀይ ባህር ማለት ነው፣ እዛ የኮራል ሪዘርቭ አለ፣ ኮራሉን እንዳትረግጪ ድልድይ ሰርተው ከድልድዩ ጫፍ ነው በቀጥታ ጥልቁ ላይ ምትገቢው። ስለዚህ ጀማሪ ለሆናችሁ ከልምዴ ልጨምር።

ማስክ ተከራይታችሁ አትሂዱ፣ ከቻላችሁ የራሳችሁን ግዙ፣ ፊት ላይ ሳታስሩት ለጥፋችሁ በአፍንጫ ስባችሁ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ጺም ያለው ወንድ ውሃ ይገባበታል፣ ከላይ ከከንፈሩ በላይ ያለውን ይላጭ። ጉም እንዳይዝ በምራቅ ወይ በቤቢ ሻምፖ ውስጡን አሽታችሁ ነው ምታለቀልቁት። ጸሐይ ደሞ ጀርባ ላይ ነው ምትመታው፣ ሰው ሳያውቀው ይቃጠላል፣ ሰንስክሪን ከመለቅለቅ እጀ ረጅም የዋና ቲሸርት ይሻላል፣ ለኮራሉም ይሻላል።

ኮራል ድንጋይ አይደለም እንስሳ ነው፣ በፊን ከመታችሁት ለብዙ አመት ያደገውን ነው ምትሰብሩት። በተረፈ ሲሼልስ በ1998 ባህሩ ሞቆ አብዛኛው ኮራል ነጥቶ ሞቶባታል፣ ካገገመ በኋላ በ2016 እንደገና። የኛው የኤላት ሙቀት ሚችል ዘር ስለሆነ እስካሁን የተሻለ ነው። ሚኪ፣ ሴንት ፒየር ላይ ኮራሉ እንዴት ነበር በእውነት?

ሚኪ ሳሪስ፦

@ስምሃ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ልቅጠፍ አልልም። ኮራል ለማየት ብላችሁ ከሆነ ዶክመንተሪ ላይ ያለውን ቀለም አትጠብቁ። ብዙ ቦታ የሞተ ስብርባሪ ነው፣ በመሀል አዲስ ሚያድግ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለው ታያላችሁ። አሳው ግን በቋጥኙ መሀል ግጥም ያለ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ደሴቶች ግራናይት ናቸው፣ ከስር ዋሻና ስንጥቅ አላቸው፣ አሳው እሱ ውስጥ ይኖራል። ግራናይቱ 750 ሚሊዮን አመት ገደማ ነው እድሜው፣ አፍሪካና ህንድ ሲለያዩ መሀል ባህር ላይ የቀረ ቁራጭ መሬት ነው። ማልዲቭስን ያየ ሰው ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፣ እዛ ሁሉም ኮራል ነው፣ እዚህ ተራራ ነው ጫካ ነው።

ዋልያው፦

እኔ እኮ ሚገርመኝ፣ አገራችን ባሌ አለ፣ ስሜን አለ፣ ቀይ ቀበሮ በአለም ላይ ሌላ ቦታ ማይገኝ፣ ጭላዳ እግርህ ስር ሳር ሚነጭ፣ አብያታ ሻላ፣ ጫሞ ላይ አዞው። ዶላር አውጥቶ ኤሊ ለማከክ ሲሼልስ ድረስ? ልጆቻችሁ ዲንሾን ያውቁታል?

ሚኪ ሳሪስ፦

@ዋልያው ያውቁታል ወንድም፣ ዲንሾ ኒያላ ግቢው ውስጥ ሲግጥ አይተዋል፣ ሳነቴ ላይ ብርዱ አስለቅሷቸዋል። አንዱ አንዱን አይከለክልም። ግን የጀርመኑ ጓደኛዬ ባለቤት ባሌን ካላሳያችሁኝ ብላለች፣ ስለዚህ ያንተ ወገን እያሸነፈ ነው።

አርሲ ነገሌ፦

ዋልያው እውነቱን ነው ግን ውሃ ስር ያለውን ባሌ አታሳየውም፣ የላንጋኖ ውሃ ደሞ ቡኒ ነው፣ ማስክ አርገህ ብትገባ የራስህን እጅ አታይም 😂

የድሮ መርከበኛ፦

ልጆች ሰላም ናችሁ። ስታወሩ ደስ ብሎኝ እያነበብኩ ነበር። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባህር ኃይል ነበርኩ። ባህር የሚባለውን ነገር ያየነው እኛ ነን ብል አልዋሽም። ዳህላክ ደሴቶች ላይ ለጥበቃ ስንወጣ በእረፍት ሰዓት በቀጭን የጎማ መነጽር ብቻ፣ ይሄ ቱቦ የምትሉት ሳይኖር፣ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠልቅ ነበር። ሚኪ የጻፍከው የፓሮት ፊሽ ድምፅ እውነት ነው፣ ማታ መርከቡ ሆድ ውስጥ ተኝተን እንኳ ከስር አንዳንዴ እንደ ጥብስ ቻር ቻር የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። እሱ አሳ አይደለም፣ ትንንሽ ሽሪምፖች ናቸው፣ ጥፍራቸውን ሲያስጮሁ ነው፣ በኋላ ነው ያነበብኩት።

ዱጎንግ የሚባል ላም የሚያህል፣ የባህር ሳር የሚበላ እንስሳም እዛ አለ። አንዴ ከነግልገሉ አይተን አዛዡ ሞተር አስጠፍቶ ሁላችንም ባቡር እንዳለፈበት ሰው ዝም ብለን ቆመን ነበር። አሁን የባህር በር የለንም፣ የኛ ልጆች ባህር ለማየት ሲሼልስ መሄዳቸው አይከፋኝም፣ ይሂዱ፣ ባህር ያላየ ትውልድ እንዳይሆኑ።

ሚኪ ሳሪስ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። እኔ ስለ ሽሪምፑ አላወቅኩም ነበር፣ አብሮ ሚሰማ ሌላ ፍንጥር ፍንጥር ሚል ድምፅ ነበር፣ እሱን ነው ማለት ነው። እባክዎ ስለ ዳህላኩ ለብቻው ክር ይክፈቱልን፣ እኛ የት እናገኘዋለን።

ቤቲ ገርጂ፦

እኔም እደግፋለሁ ጋሼ ይጻፉልን 🙏

ነጭ ሽንኩርት፦

ምግቡን ዝም አላችሁ። እዛ ኦክቶፐስ በኮኮናት ወተት ካሪ ዋና ምግባቸው ነው አይደል? በላችሁ?

ሚኪ ሳሪስ፦

😅 ይሄ ጥያቄ ቤቴን አፍርሶት ነበር። እህቴ አዘዘች። እማዬ ሳህኑ ላይ ያን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን እግር ስታይ አማተበች። "ክንፍና ቅርፊት የሌለው ከባህር አይበላም" አለች፣ ኦሪት ዘሌዋውያንን ከነምዕራፉ። እህቴ ደሞ "እማ ዱባይ ሽሪምፕ ስበላ አስር አመቴ ነው" ብላ ነገሩን አባሰችው። በመጨረሻ ለእማዬ የተጠበሰ ቀይ ስናፐር መጣላት፣ ሙሉውን ከነጭንቅላቱ፣ በሚጥሚጣ በላችው፣ ሚጥሚጣው ከቦርሳዋ ነው የወጣው። የሌሊት ወፍ ካሪም አላቸው፣ ፍራፍሬ በል ትልቁ የሌሊት ወፍ ነው፣ እሱን ለእማዬ አልነገርናትም።

ዲያቆን እንጂ ቄስ አይደለሁም፦

እናትህ ልክ ናቸው፣ ዘሌዋውያን 11 ነው። ቅርፊት ያለው አሳ ይበላል። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እባካችሁ እዚህ እንዳታመጡት፣ ባለፈው የተነሳው ክር ተዘግቷል።

ስምሃ ከአሽዶድ፦

እኛም ቤት እንደዛው ነው፣ አያቴ ብታየው እዛው ትወድቃለች። ኤላት ውሃ ውስጥ ኦክቶፐስ ሳይ ግን ቀለሙን ሲቀያይር ከማየት በላይ ሚያዝናናኝ የለም። ማየቱ ይፈቀዳል 😄

ከነሻንጣው (ጀርመን)፦

ስሜን ሳትጠራ ምትሰድበው ሰውዬ እኔ ነኝ። ኤሊ አባሮ ያስጠፋው "አብሮ አደጌ"። ሚኪ ያልነገራችሁ ካሜራውን ተበድሮ ውሃ ያስገባበት እሱ መሆኑን ነው።

ኩዘንን እኔ ልጻፈው ምክንያቱም እሱ ቁልቁል ብቻ ነው ሚያየው። ኩዘን ትንሽ ደሴት ነው፣ ጎብኚ አያድርበትም፣ ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው ጎብኚ ሚቀበሉት። ያንተ ጀልባ ዳር መጠጋት አይፈቀድለትም፣ ባህር መሀል ትቆማለህ፣ የደሴቱ ሰዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይወስዱሃል፣ ምክንያቱም በጀልባ ተደብቃ አንዲት አይጥ ብትገባ ወፉን ሁሉ ትጨርሰዋለች። ከዛ ጀልባውን በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ ይተኩሱታል፣ ያዝ ይሉሃል፣ የሚኪ እናት "ወይ ገብርኤል" ብለው ክንዴን ይዘው አሁንም ጥፍራቸው አለ።

ደሴቱ ድሮ የኮኮናት እርሻ ነበር። ሲሼልስ ዋርብለር ሚባል ትንሽዬ ወፍ በ1960ዎቹ በአለም ላይ የቀረችው እዛች ደሴት ላይ ብቻ ነበር፣ 30 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1968 ደሴቷ ለወፎቹ ተብላ ተገዛች፣ ኮኮናቱ ተመንጥሮ የአገሩ ዛፍ መልሶ እንዲያድግ ተደረገ፣ በኋላ ወፎቹን ወደ ሌሎች ደሴቶች ወስደው አራቧቸው፣ ዛሬ በሺዎች ናቸው። እኔ ጀርመን ለምሰራበት ሰው ስነግረው አላመነኝም።

እና ነጯ ወፍ፣ ፌሪ ተርን ይሏታል፣ ጎጆ አትሰራም። ባዶ ቅርንጫፍ ላይ አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ መርጣ፣ በቃ። ጫጩቱም እዛው ቅርንጫፍ ላይ በጥፍሩ ተጣብቆ ያድጋል። አንዱ በኔ ፊት ልክ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ፣ አይሸሽም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ትሮፒክበርድ ደሞ ዛፍ ስር መሬት ላይ ነው ሚፈለፍለው፣ ስትሄድ እግርህ ስር መጠንቀቅ አለብህ። ካሜራ ለሚወድ ሰው ረጅም ሌንስ አያስፈልገውም።

ሚኪ ሳሪስ፦

ካሜራው ድሮም ውሃ ያስገባ ነበር።

ሰኔ 30፦

እኛ መምህራን ነን ባልና ሚስት፣ ከክረምት ውጪ እረፍት የለንም። ሐምሌ ላይ ብንሄድ ምንም አናይም ማለት ነው? አንድ ደሞ ሻርክ። ማንም አልጠየቀም እኔ ልጠይቅ።

ሚኪ ሳሪስ፦

@ሰኔ 30 ክረምት ላይ ሂዱ ግን ዳሩን መምረጥ ነው። ያኔ ንፋሱ ከደቡብ ምስራቅ ስለሆነ በዛ በኩል ያለው ዳር ማዕበል ነው፣ ውሃውም ይደፈርሳል። ላዲግ ላይ ግራንድ አንስ ሚባለው በዛ ሰዓት ለአይን ነው እንጂ ለዋና አይደለም፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይስባል፣ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል፣ እባካችሁ አትድፈሩት። በሰሜን ምዕራብ በኩል ያሉት ግን ይረጋሉ፣ ማሄ ላይ ቦ ቫሎን፣ ፕራስሊን ላይ አንስ ላዚዮ። አየሩ ደሞ ያኔ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ዝናቡም ያንሳል። ወፎቹና የመሬት ኤሊዎቹ ወቅት የላቸውም፣ ሁሌ አሉ። ፕራስሊን ላይ ያለው ቫሌ ደ ሜ ጫካም ለዚህ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ባህሩ የከፋ ቀን እሱን አድርጉት። በ1983 ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ ኮኮ ደ ሜር ሚባለው መንታ ኮኮናት ያለበት፣ በአለም ላይ ትልቁ ዘር ነው፣ አንዱ ፍሬ 25 ኪሎ ሚደርስ አለ፣ ለመብሰል ስድስት ሰባት አመት ይፈጅበታል። ስር ስትሄዱ ቀና እያላችሁ ሂዱ 😀። ያለ ፈቃድ ወረቀት ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ ርካሽ ነው ብሎ መንገድ ላይ ሚሸጥላችሁን እንዳትገዙ ኤርፖርት ይወሰዳል።

ሻርክ። አልዋሽሽም፣ በ2011 እዛው አንስ ላዚዮ ላይ በተቀራረበ ጊዜ ሁለት ቱሪስቶች ሞተዋል፣ ትልቅ ዜና ነበር፣ መረብም ዘርግተው ነበር ከዛ በኋላ። ስኖርክል ሲደረግ ሚታዩት ግን ትንንሽ ሪፍ ሻርኮች ናቸው፣ ሰው ሲያዩ እነሱ ናቸው ሚሸሹት። ጀልባው ሰውዬ ከሻርክ ይልቅ ሚፈራው ድንጋይ መስሎ ሚተኛውን ስቶንፊሽንና እሾሃሙን የባህር ኧርችን ነው፣ ስለዚህ እግራችሁን የት እንደምታሳርፉ እዩ፣ የውሃ ጫማ ግዙ።

ቤቲ ገርጂ፦

ሰኔ 30 "አልዋሽሽም" ብሎሻል ሴት ነሽ ወንድ? 😂

ሰኔ 30፦

እኔ ባልየው ነኝ። ግን እሷም አጠገቤ እያነበበች ነው ስለዚህ ልክ ነው።

ሀና ሚኒያፖሊስ፦

እኔ ደሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። እኛ ባለፈው አመት ሄደን ነበር፣ በኦንላይን አስቀድመን ለሙሉ ቀን የከፈልነው ጀልባ (ስሙን አልጠራም) ሌላ ግሩፕ ጋ ደባልቆን፣ ለስኖርክል ገና ማስካችንን ሳናስተካክል "ሰዓት አልቋል" ብሎ አወጣን፣ የምሳውንም ግማሽ አላገኘንም። ልጄ አልቅሳ ነው የተመለሰችው። በማግስቱ ባረፍንበት ቤት ባለቤት በኩል የጎረቤታቸውን ጀልባ አገኘን፣ ሰውየው ያደገው እዛው ነው፣ የት ጋ ምን እንዳለ ያውቃል፣ ልጄን እጇን ይዞ ነው ያዋኛት፣ ዋጋውም ያነሰ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ሆናችሁ ሁሉንም አትክፈሉ፣ እዛ ደርሳችሁ አከራያችሁን ጠይቁ። እና ላይፍ ጃኬት በልጅ ልክ እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት በአይናችሁ እዩ።

ከነሻንጣው (ጀርመን)፦

ሀና ልክ ነሽ። እኛም በአከራያችን በኩል ነው ያገኘነው። ብዙ ሰው ከሆናችሁ ጀልባውን ለብቻ መያዝ ነው፣ ሲካፈል ያን ያህል አይደለም፣ ሽማግሌና ህጻን ሲኖር ደሞ ማንም አያጣድፋችሁም።

ነጭ ሽንኩርት፦

ሽሮ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ፣ እሱን ንገሩኝና ቲኬት ልቁረጥ።

ሚኪ ሳሪስ፦

@ነጭ ሽንኩርት እኛ ሽሮም በርበሬም ቡናም ይዘን ገብተናል፣ የተፈጨና የታሸገ ስለሆነ፣ ፎርሙ ላይ ምግብ ይዣለሁ ብለህ ሙላ፣ ከፍተው አይተው አሳለፉን። ጥሬ ቡና፣ ጥሬ እህል፣ ስጋ፣ ፍራፍሬ፣ አፈር የነካ ነገር አትያዝ፣ ደሴት ስለሆነ ተባይ በጣም ነው ሚፈሩት።

ቤቲ ገርጂ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ከዛ አላስቸግርም። ፌሪው። እኔ የናዝሬት መንገድ እንኳ ያስመልሰኛል።

የድሮ መርከበኛ፦

ልጄ፣ ከመርከቡ ኋላና ከታች ተቀመጪ፣ መሀሉን ይዘሽ፣ ፊት በኩል ነው የሚያነሳ የሚጥለው። ስልክ አትይ፣ አታንብቢ፣ ሩቅ ባህሩ ከሰማይ የሚገናኝበትን እያየሽ ሂጂ። ባዶ ሆድሽን አትግቢ፣ ቅባት ያለውም አትብዪ፣ ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ዝንጅብል ካኘክሽ ጥሩ ነው። ክኒኑን ከወሰድሽ ደግሞ መርከቡ ከተነሳ በኋላ አይደለም፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነው።

ቤቲ ገርጂ፦

እሺ ጋሼ። ዝንጅብል ከነሽሮው ሻንጣ ውስጥ ገባ።

ሚኪ ሳሪስ፦

ዝንጅብሉ ደረቅና የተፈጨ ይሁን ቤቲ፣ ጥሬውን ኤርፖርት ይወስዱብሻል።